የቆቦ መንገድና የስፖርት መኪና ጎማ

እህቴ ከቆቦ ስትደውል ቀድማ የምትጠይቀኝ ስለ ጤናዬ ነው። ያን ቀን ግን ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳትጨርስ፣ «ወንድምዓለም፣ ይሄ ልጅ መኪናዋን አሳጥሮ አሳጥሮ መሬት ሊያስልሳት ነው። አንተን ይሰማል፤ መጥተህ ምከርልኝ» አለችኝ። ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

የእህቴ ልጅ በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚመረተውን ሽንኩርት እየገዛ ወደ ወልዲያና ደሴ የሚልክ ወጣት ነጋዴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ያገለገለች ቪትዝ ገዛ። መኪናዋ ለሥራው ብቻ አይደለችም። በሰፈሩ ሰው ሲታመም፣ ምጥ ሲመጣ፣ ለቅሶ ሲኖር የምትጠራው እሷው ናት። ችግሩ ልጁ የስፖርት መኪና ፍቅር አለበት። የስፖርት መኪና መግዛት ባይችል ቪትዟን ስፖርት ሊያደርጋት ተነሳ። ባለ 14 ኢንች ቸርኬዋን አውልቆ ባለ 16 የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አስገባ፤ ሰፊና ስስ ጎማ አለበሳት። ከኋላ ደግሞ ስኮርታ ጎማውን አውጥቶ በቦታው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ገጠመ።

እውነት ለመናገር፣ ታምራለች።

ከዚያ አንድ ሌሊት ምጥ የያዛትን ጎረቤታቸውን ይዞ ወደ ወልዲያ ሲወጣ፣ ቆቦን አልፎ ሮቢት ሳይደርስ፣ የቀኝ የፊት ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጎማው ጎኑ ተቀደደ፣ ቸርኬውም ከንፈሩ ታጠፈ። ክሪክ አለ፤ ስኮርታ ግን የለም። ምጥ የያዛት ሴት በጨለማ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ደርሶ ጋቢናው ውስጥ ባያስገባት ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል እህቴ መናገር አልፈለገችም። ሴትየዋ ወልዲያ ደርሳ በሰላም ተገላገለች። የደወለችልኝ በማግስቱ ነበር።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ሃያ ዓመት ስነዳ ግን ጎማ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ተምሬአለሁ። ቆቦ እንደደረስኩ ልጁን ይዤ ጎሚስታው ጋ ሄድን። ጎሚስታው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ሰው ናቸው።

«አያ፣ ለዚች መኪና የሚሆን ጎማ ፈልገን ነበር» አላቸው ልጁ።

«ለመኪናዋ ነው ወይስ ለፎቶው?» አሉት። እኔ ያሰብኩትን ምክር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

የሹፌሩን በር ከፈትን። በሩ ሲዘጋ በሚሸፈነው ቋሚ ብረት ላይ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አለች፤ ብዙ ሰው አይቷት አያውቅም። በእሷ ላይ የተጻፈው 165/70 አር 14 ነው። 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ወደ 115 ሚሊ ሜትር ይመጣል። «አር» ክሩ የተዘረጋበትን ዓይነት፣ 14 ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይናገራል። ጎማው ራሱ ላይ ቀጥሎ 81 ቲ የሚል ይኖራል። 81 አንዱ ጎማ 462 ኪሎ መሸከም ይችላል፣ «ቲ» ደግሞ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቀድለታል ማለት ነው።

ልጁ የገጠመው 195/45 አር 16 ነው። እዚህ ላይ ክርክር ገጠመኝ። «አጎቴ፣ እኔ እኮ ዝም ብዬ አይደለም የገዛሁት፤ አስልቼ ነው» አለና ስልኩን አወጣ። እውነቱን ነው። የፋብሪካው ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 587 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእሱ 582። ልዩነቱ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው አይዋሽም፤ ፓራፋንጎውንም አይነካም። የስፖርት መኪና ወዳጆች በዓለም ሁሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ቸርኬውን ያሳድጋሉ፣ የጎማውን ጎን ያሳጥራሉ፣ ጠቅላላ ቁመቱን ግን ይጠብቃሉ።

ታዲያ ስሌቱ ልክ ከሆነ ጥፋቱ የት ነው? ጥፋቱ በስሌቱ ውስጥ መንገዱ አለመኖሩ ነው። ባለ 14ቱ በቸርኬውና በጉድጓዱ መካከል 115 ሚሊ ሜትር አየርና ላስቲክ አለው። ባለ 16ቱ ያለው 88 ብቻ ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ልዩነት ነው። ያ ሌሊት ግን ጉድጓዱ የፈለገው ያችኑ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነበር። በዚያ ላይ የገዛው ጎማ የመሸከም ቁጥሩ 80 ነው፤ 450 ኪሎ። ፋብሪካው ካዘዘው በ12 ኪሎ ያንሳል። ይህች መኪና ደግሞ ባዶዋን የምትሄድበት ቀን የለም።

የእውነተኞቹ ስፖርት መኪኖች ጎማ ለምን ስስ ሆነ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወጣችው ቶዮታ ሱፕራ ከፊት 255/35 አር 19፣ ከኋላ 275/35 አር 19 የምትጫማ አለች። ጎኑ አጭር የሆነው በፍጥነት ስትታጠፍ ጎማው እንዳይወላገድ ነው፤ የኋላው የሰፋው የሞተሩን ጉልበት መሬት ላይ እንዲያሳርፍ ነው። ሁሉም ምክንያት አለው። ምክንያቱ ግን እንደ መስታወት የለሰለሰ አስፋልት ይፈልጋል። ቆቦ ውስጥ ደግሞ ከግመል፣ ከጋሪና ከባጃጅ ጋር ተጋፍተን ነው የምንነዳው።

ጎሚስታው በዚህ መሃል አንድ ጎማ ከጥግ እየገፉ አመጡ። «ቁጥር የሚያሳስተው ጎረምሳ ብቻ አይደለም» አሉ። የመጣው ከአንድ ዶልፊን ላይ የወለቀ ጎማ ነው። የዶልፊኑ ትክክለኛ ጎማ 195 አር 15 ሲ ነው። ባለቤቱ ግን 195 እና 15 አንድ ነው ብሎ የቤት መኪና ጎማ፣ 195/65 አር 15፣ ገዝቶ ገጠመበት። ቁጥሩ ይመሳሰላል፤ ሥራው አይመሳሰልም። «ሲ» ለጭነት የተሠራ ማለት ነው። የመጀመሪያው ወደ 69 ሳንቲ ሜትር ይቆማል፣ ሁለተኛው 63። የመጀመሪያው አንዱ 950 ኪሎ ይሸከማል፣ ሁለተኛው 615። አራቱን ብትደምሯቸው 2,460 ኪሎ ነው፤ ሰው ሞልቶ ፖርቶመጋላው ላይ ጆንያ የተከመረበት ሚኒባስ ደግሞ ወደ ሦስት ቶን ይጠጋል። የፈነዳ ጎማ ሲታይ «ሙቀቱ ነው» እንላለን። ሙቀቱ ብቻውን ምን አደረገ?

ስለ ሙቀት ካነሳን፣ በራያ ቆላ ብዙ ሹፌር «እንዳይፈነዳ» ብሎ ከጎማው አየር ይቀንሳል። ይህ ነገሩን የሚያብስ ነው። አየር ያነሰው ጎማ በየዙሩ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይግላል፣ ሲግል ይፈነዳል። ከወልዲያ ብርድ ጠዋት ተነስቶ ቆቦ በቀትር ሲደርስ ግፊቱ ሦስት አራት ፒ.ኤስ.አይ ቢጨምር ተፈጥሮው ነው፤ አይነካም። አየር የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ በሩ ላይ በተጻፈው ልክ ነው።

ወደ ምርጫችን እንመለስ። በከተማው ፈልገን 165/70 አር 14 አላገኘንም። ያገኘነው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ያገለገለ 195/45 አር 16፣ ርካሽ፣ ጥርሱ ያልተበላ። ልጁ ዓይኑ እሱ ላይ ቀረ። ጎኑ ላይ ያለችውን ሞላላ ምልክት ፈልገን አራቱን አኃዝ አነበብን፦ 3412። በ2012 (እ.ኤ.አ.) በ34ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፤ ላስቲኩ ግን አርጅቷል። ብዙ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ይቀየር ይላሉ።

ሁለተኛው አዲስ 175/70 አር 14 ነው። ዋጋው ያስደነግጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጎማ የገዛ ሰው ድንጋጤውን ያውቀዋል። መጠኑ ግን ያስኬዳል። ቁመቱ 601 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፋብሪካው በ2.4 በመቶ ይበልጣል። ባለሙያዎች ከ3 በመቶ አትለፉ የሚሉት ውስጥ ነው። መለኪያው 80 ሲል መኪናዋ በእውነት 82 ትሄዳለች፤ ይህን ሹፌሩ ልብ ይበል። የሚሸከመው 500 ኪሎ ነው። ከመሬትም በ7 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርጋታል። ጎሚስታው አንዱን ገጥመው፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አስጠምዝዘው፣ ፓራፋንጎውን እንደማይነካ በእጃቸው ዳበሱ።

ልጁ ዝም አለ። «በዚህ ዋጋ እኮ...» ብሎ ጀመረና ተወው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህች ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባት፤ እሱም ያውቀዋል። የሚያብረቀርቀውን ቸርኬ ለመሸጥ ተስማማ። የድሮዎቹን ባለ 14 ቸርኬዎች ከእህቴ ጓሮ አወጣናቸው፤ በአንደኛው ውስጥ ዶሮ ታቅፋበት ነበርና ጫጩቶቹ እስኪወጡ ሦስት ቀን ጠበቅን። አባቶች ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ በዚያ ሦስት ቀን ማንም አልሮጠም።

እናንተም ጎማ ልትገዙ ስትወጡ መጀመሪያ የሹፌሩን በር ክፈቱ። ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ የሚሸከመውንና የተሠራበትን ዓመት አንብቡ። ከዚያ ስሌቱ ውስጥ የማይገባውን አንድ ነገር፣ የምትሄዱበትን መንገድና የምታሳፍሩትን ሰው፣ ጨምሩበት። በመጨረሻም ስኮርታው በቦታው መኖሩን እዩ።

ስንመለስ ልጁ መኪናዋን ዞሮ አያትና፣ «አጎቴ፣ ባልቴት መሰለች» አለ። «አብሽር፣ ባልቴት ታደርሳለች» አልኩት። ስኮርታው ወደ ቦታው ተመልሷል። ድምፅ ማጉያው ግን የሚቀመጥበት ስላጣ ሳሎን ገብቷል። ትናንት እህቴ ደውላ ነበር፤ አሁንም ሰላምታውን አልጨረሰችም። «ወንድምዓለም፣ ጎማውስ ተስተካከለ፤ ጩኸቱ ግን ቤቴ ገባብኝ፤ ለዚህስ ማንን ልጥራ?»