ሃያ ስምንት እግር ያላትን ቺፕ ማናገር

አርዱዊኖ ዩኖ የተባለችውን ሰሌዳ የነካካ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ኤቪአርዱድን ተጠቅሞበታል፤ አብዛኛው ግን ስሙን እንኳ አያውቀውም። ኮዱን ጽፎ የቀስት ምልክት ያላትን ቁልፍ ሲጫን፣ ከጀርባ ተነስቶ ሥራውን ከኮምፒውተር ወደ ቺፗ የሚያሻግረው እሱ ነው። ብቅ የሚለው አንድ ነገር ሲበላሽ ስለሆነ ሰው የሚያስታውሰው እንደ መርዶ ነጋሪ ነው።

መስኮትም አዝራርም የለውም። ተርሚናል ላይ አንድ መስመር ይጻፍለታል፤ የታዘዘውን ሠርቶ ይወጣል። የጻፈው ብራያን ዲን ሲሆን መጀመሪያ የታሰበው ለፍሪቢኤስዲ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነበር። ያኔ ስሙ ኤቪአርፕሮግ ነበር። ወደ ዊንዶውስ ይምጣልን የሚሉ ሲበዙ፣ የቺፖቹ ሠሪ አትሜል በዚያው ስም የሚጠራ የራሱ ሶፍትዌር ስለነበረው ስሙ ተቀየረ። (አትሜልን እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክሮቺፕ ገዝቶታል።) «ዱድ» የአሜሪካ ወጣቶች «ጓዴ» የሚባባሉበት ቃል ነው፤ የቀልዱ ነገር ሳይታሰብበት የቀረ አይመስለኝም።

እኔን የማረከኝ ከመጻፉ በፊት የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው። ዩኖ ላይ የተተከለችውን ኤቲሜጋ 328ፒን እንውሰድ፤ 28 እግርና 32 ኪሎባይት ፍላሽ ሜሞሪ አላት። ላፕቶፑ ላይ ፍላሽ ዲስክ የምታህል፣ ዩኤስቢኤስፒ የምትባል መሣሪያ ትሰካለች፤ ከሷ ስድስት ሽቦዎች ወደ ቺፗ ይዘረጋሉ። ሁለቱ ኃይል ያደርሳሉ። አንዱ ሪሴት ነው፤ እሱ ወደ ዜሮ ቮልት ሲወርድ ቺፗ የያዘችውን ሁሉ ጥላ ጆሮዋን ትሰጣለች። በቀሩት ሦስቱ ጥያቄ ይሄዳል፣ መልስ ይመጣል፣ የንግግሩ ምት ይመታል።

ከዚያ አራት ባይቶች ይላካሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሄክሳዴሲማል አጻጻፍ ኤሲ እና 53 ናቸው። ቺፗ ደህና ከሆነችና ምቱ ከገጠመላት፣ ሦስተኛው ባይት እየተላከ ሳለ 53ን መልሳ ታስተጋባለች። ደጅ አንኳክቶ «ማነው?» እስኪባል እንደ መቆም ነው። ከውስጥ ድምፅ ካልተሰማ አንዲት ባይት አትጻፍም።

ቀጥሎ መታወቂያ ይጠየቃል። የ328ፒ መልስ 1ኢ፣ 95፣ 0ኤፍ ነው። የመጀመሪያው ሠሪውን፣ ሁለተኛው የሜሞሪውን መጠን፣ ሦስተኛው ሞዴሉን ይናገራል። ጀማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። 328 እና 328ፒ ለዓይን መንትያ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ የሚለያያቸው አንዲት ፊደል ናት። ፒ የሌላት ግን 1ኢ፣ 95፣ 14 ብላ ስለምትመልስ፣ ትእዛዙ ላይ የሌላዋ ስም ከተጻፈ ሥራው ወዲያው ይቆማል። ሰረዝና ትልቁን ኤፍ ጨምሮ ማስገደድ ይቻላል። ባይለመድ ጥሩ ነው፤ ቺፗን ብርሃን ላይ ዘንበል አድርጎ ጀርባዋን ማንበብ ይቀላል።

መጻፉ ራሱ ጊዜ አይፈጅም። የቀድሞው ኮድ ይጠፋል፤ የጠፋ ፍላሽ ሁለመናው 1 ነው፤ መጻፍ ማለት የተፈለጉትን ወደ 0 ማውረድ ነው። አዲሱ በ128 ባይት ገጽ እየተከፈለ ይሰፍራል። ከዚያ ኤቪአርዱድ የጻፈውን ራሱ መልሶ ያነብና ከፋይሉ ጋር ባይት በባይት ያመሳክራል።

አደጋ ያለው ፊውዝ የሚባሉት ባይቶች ዘንድ ነው። ስማቸው የቆጣሪን ፊውዝ ቢያስታውስም አይቃጠሉም፤ ቺፗ የሥራ ምቷን ከየት እንደምታገኝና የመሳሰለውን የሚወስኑ ቅንብሮች ናቸው። ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው፤ 0 ማለት «በርቷል» ነው። አዲስ 328ፒ ከፋብሪካ ስትወጣ በውስጥ ምቷ፣ በ1 ሜጋኸርትዝ፣ ትሠራለች። እኔ አንድ ማታ «ምትሽን ከውጭ ክሪስታል ውሰጂ» የሚል ፊውዝ ጻፍኩባት፤ ሰሌዳው ላይ ክሪስታል አልነበረም። መጻፉ ተሳካ፤ ማመሳከሩም ተሳካ። በሚቀጥለው ትእዛዝ ግን ማስጀመር አልተቻለም፣ ሽቦዎቹን ደግመህ እይ የሚል መልስ መጣ። አየሁ። ነቅዬ ተከልኩ። ሽቦም ቀየርኩ። ሽቦው ምንም አልነበረበትም፤ ምት የሌላት ቺፕ ማንኳኳቱን አትሰማም።

ለመጣል አንስቼያት ነበር። ከመጣሏ በፊት ሌላ አርዱዊኖ አምጥቼ አንዱን እግሩን ቶሎ ቶሎ እንዲያበራና እንዲያጠፋ አዘዝኩትና፣ ከዚያ እግር አንድ ሽቦ ወደ ቺፗ 9ኛ እግር፣ ማለትም ክሪስታሉ ወደሚገባበት፣ ሳብኩ። ንግግሩ ከተበደረችው ምት ጋር እንዲሄድ በሰረዝና በትልቁ ቢ አዘግይቼ ትእዛዙን ደገምኩት። 1ኢ፣ 95፣ 0ኤፍ።