ከጽሑፍ ወደ ኦብጀክት፤ «ማነጽ» እና «ማበጀት» ስለሚሉት ስያሜዎች

የኮምፒዩተር ሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የባዕዱን ቃል ቅርጽ ሲከተል የድርጊቱን ምንነት ሊስት ይችላል። ዲሲሪያላይዜሽን የተባለው ቃል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አፍራሽ ባዕድ መነሻ ስላለው «መፍታት» ወይም «መበተን» ለማለት ያሳስታል። በሥራው ግን የሚፈታ ነገር የለም፤ በአንጻሩ በጽሑፍ ከመጣው መረጃ ኦብጀክት ይሠራል። ስለዚህ «ማነጽ» የሚለው ይሻላል። ከዚሁ ሥር «አናጺ» የሚለው የባለድርጊት ስም ይገኛል። ቃሉ በዕለት ንግግር እንጨት ሠሪን ቢያመለክትም በዐውዱ አያደናግርም።

ጄሰን መረጃ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላው በጽሑፍ መልክ የሚተላለፍበት ሥርዓት ነው። ኤክማ የተባለው የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ደንግጎታል። የሚያውቃቸው የዋጋ ዓይነቶች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም በትእምርተ ጥቅስ የተከበበ ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ እውነት፣ ሐሰት፣ ባዶ፣ ዝርዝር እና የስምና የዋጋ ጥንዶች ስብስብ ናቸው። እንግሊዝኛው የመጨረሻውንም ኦብጀክት ይለዋል። በፕሮግራም ውስጥ ያለው ኦብጀክት ግን የራሱ ተግባራት ሊኖሩት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን «ስብስብ»፣ ሁለተኛውን «ኦብጀክት» ብሎ መለየት ይገባል።

ከዋጋ ዓይነቶቹ መካከል ቀን የለም፤ ቀን የሚጻፈው እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ነው። አንድ የመዝገብ ቤት ፕሮግራም ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም.ን «2015-13-06» ብሎ ቢልክ፣ በአውሮጳ አቈጣጠር የሚያነብ ተቀባይ 13ኛ ወር ስለማያውቅ አይቀበለውም። ስሕተቱ ወዲያው ስለሚገለጥ ጉዳቱ ቀላል ነው። የሚያሠጋው «2015-01-05» ነው። ላኪው መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ይሆናል። ተቀባዩ ግን ጃንዩወሪ 5 ቀን 2015 አድርጎ ያንጸዋል። ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ከ7 ዓመት በላይ ይዛነፋል።

መፍትሔው የአስተናነጹን ደንብ ማበጀት ነው። ይኸውም «ይህ ስም ያለው ዋጋ በዚህ አቈጣጠር ይነበብ» ብሎ መወሰን ነው። በጃቫስክሪፕት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው 5ኛ የደረጃ እትም፣ ጽሑፉን ለሚያነበው ተግባር ሌላ ረዳት ተግባር ይሰጠዋል። ረዳቱ ስምንና ዋጋን ከውስጥ ወደ ውጭ እየተቀበለ ተተኪውን ይመልሳል፤ የእንግሊዝኛ ስሙም «ነፍስ የሚዘራ» እንደ ማለት ነው። ፓይተን ለተመሳሳይ ሥራ «መንጠቆ» የሚል ስም ሰጥቶ እያንዳንዱን ስብስብ በእርሱ ያሳልፋል። በጃቫ፣ ጃክሰን በተባለው የፕሮግራም ስብስብ፣ ለአንድ ዓይነት ኦብጀክት የተለየ አናጺ ይመደባል። ምሳሌያዊ ስሞቹ ቢለያዩም ድርጊቱ አንድ ነው፤ ተርጓሚም መተርጎም የሚገባው ድርጊቱን ነው።

«ማበጀት» በ«ማስተካከል» ሊተካ አይገባም። ማስተካከል አስቀድሞ የተበላሸ ነገር እንዳለ ያስመስላል፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ግን ላኪውም ተቀባዩም በየደንባቸው ትክክል ናቸው። ማበጀት ለጉዳዩ እንዲስማማ አድርጎ ማዘጋጀት ነው። «መፍታት» የሚለውን የተማረ ሰው ትርጉሙ በጽሑፉ ውስጥ ተቋጥሮ የመጣ ይመስለዋል። «ማነጽ» የሚለውን የተማረ ግን አናጺው ማን እንደ ሆነና በምን ደንብ እንደሚሠራ ይጠይቃል።