ላፕቶፑ አልነሣ ሲል፦ የግል ፋይሎችን የማዳን ሥርዓትና ቅደም ተከተል



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ከላይ ሲታይ ተራ ይመስላል። ትናንት ማታ በደኅና የተዘጋ ላፕቶፕ ዛሬ ጠዋት አልነሣ ቢል በውስጡ ያለውን ጽሑፍ እንዴት እናወጣለን? ይህን ለሕዝብ ንግግር የመረጥሁት በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጉዳዩ ከማሽን ጉዳይነት ስለሚያልፍ ነው። ማሽኑ ዋጋው ይታወቃል፤ በገንዘብም ይተካል። በመስክ ጉዞ የተቀዳ የአንድ አዛውንት ቃለ መጠይቅ ግን ተናጋሪው ካረፉ በኋላ በምንም ገንዘብ ዳግመኛ አይገኝም። ያለፈው ክረምት የዝናብ ልኬት፣ ከቤት ወደ ቤት እየተዞረ የተሞላ መጠይቅ፣ አማካሪው በየምዕራፉ ኅዳግ ላይ ያሰፈሩት አስተያየት፣ ሁሉም የማይደገሙ ናቸው።

ዛሬ የማስረዳው ዋና ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ኮምፒዩተርን መጠገንና ፋይልን ማዳን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ጥገናው ራሱ ፋይሉን ያጠፋዋል። ስለዚህ በአብዛኛው ሁኔታ መቅዳት ይቀድማል፣ መጠገን ይከተላል። ይህ ሥርዓት የሚገለበጥበት ሁኔታም አለ፤ በቦታው አነሣዋለሁ።

ፋይሉ የት ነው ያለው?

ላፕቶፕ አንድ ዕቃ ይምሰል እንጂ የብዙ ክፍሎች ስብስብ ነው። ባትሪና ቻርጀር ኃይል ይሰጣሉ፤ ማዘርቦርዱ ክፍሎቹን ያገናኛል፤ ራም የተባለው ጊዜያዊ ማኅደር ሥራው እስኪያልቅ ብቻ ይይዛል፤ ስክሪኑ ያሳያል። ጽሑፋችንን በዘላቂነት የሚያኖረው ግን ዲስኩ ብቻ ነው። ከዲስኩ በቀር ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ፋይሉ በቦታው አለ። የቤት ቁልፍ ቢጠፋ በቤቱ ውስጥ ያለው ንብረት ጠፋ እንደማይባል ሁሉ፣ ላፕቶፑ ስላልተነሣ ጽሑፉ ጠፋ አይባልም።

ለዚህ ከሁሉ የሚያስደንቀው ማስረጃ ከጠፈር የወደቀ ዲስክ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም ተጓዦች ሕይወታቸው አለፈ። ከፍርስራሹ መካከል ዜኖን በተባለው ጋዝ ላይ የተደረገ የፊዚክስ ሙከራ ውጤት የያዘ ሃርድ ዲስክ ተገኘ። ውጫዊ አካሉ ተቃጥሎ ነበር፤ መረጃው የተጻፈባቸው ሳህኖች ግን ተርፈው ነበር። የመረጃ ማዳን ባለሙያዎች 99 በመቶ ያህሉን አወጡት፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2008 ፊዚካል ሪቪው ኢ በተባለው መጽሔት ታተመ። ከዚያ ከፍታ የወደቀ ዲስክ ከተነበበ፣ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ዝም ባለ ላፕቶፕ ተስፋ ለመቁረጥ መቸኮል አይገባም።

ይሁን እንጂ ከውድቀትና ከእሳት የተረፈን መረጃ በጥቂት ደቂቃዎች የሚያጠፋ ነገር አለ፤ እርሱም በላዩ ላይ መጻፍ ነው። ዲስክ ይዘትንና ማውጫን ለየብቻ ያስቀምጣል። ፋይል ሲሰረዝ ወይም ፈጣን ፎርማት ሲደረግ በቅድሚያ የሚነካው ማውጫው ነው፤ በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል። ማውጫው የተገነጠለ መጽሐፍ ገጾቹ እንዳሉ ናቸውና በትዕግሥት ይነበባል። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ግን በርካታ ጊጋባይት በላዩ ይጻፋል፤ ይህ ብራናው ተፍቆ ሌላ ጽሑፍ እንደ ተጻፈበት ያለ ነው። የተጻፈበት ክፍል አይመለስም።

ችግሩን መለየት

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር ጣትን ሰብስቦ መጠየቅ ነው። እኔ አራት ጥያቄዎችን በዚህ ተራ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ኃይል ያገኛል? መብራትም ድምፅም ከሌለ ሶኬቱን፣ ቻርጀሩንና ባትሪውን እንመርምር። ቻርጀሩን ነቅሎ የማብሪያ ቁልፉን ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያም ለላፕቶፑ በሚስማማ ሌላ ቻርጀር መሞከር ጉዳት የለውም። መብራት በሚቆራረጥበትና ኃይሉ ከፍ ዝቅ በሚልበት አካባቢ ከዲስኩ በፊት ቻርጀሩን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሁለተኛ፣ ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ብቻ ነው የጨለመው? ላፕቶፑን ከቴሌቪዥን ወይም ከፕሮጀክተር ጋር በኬብል አገናኙት። ምስል ከታየ ችግሩ የስክሪን ነው፤ ፋይሉን በዚያው ቀድታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ።

ሦስተኛ፣ የአምራቹ ምልክት ከታየ በኋላ የሚነሣበት ዲስክ አልተገኘም ይላል? እንዲህ ከሆነ ዲስኩ ታሟል፣ ወይም ከቦታው ላልቷል፣ አለዚያም የማስነሻ ቅንብሩ ተለውጧል።

አራተኛ፣ መነሣት ጀምሮ መንገድ ላይ ይቆማል? ሰማያዊ ገጽ ያሳያል ወይስ ደጋግሞ ራሱን ያጠፋል? በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ሥርዓተ ክወናው፣ ማለትም ዊንዶውስ ወይም መሰሉ ነው። ፋይሎቹ በጎኑ ተቀምጠዋል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ሁሉንም ትታችሁ ወዲያውኑ አጥፉት። በሃርድ ዲስክ ውስጥ የማንበቢያው ራስ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ይንሳፈፋል፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር መሆኑን ስናስብ ክፍተቱ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ እንረዳለን። ራሱ ሳህኑን እየነካ ከሆነ እያንዳንዱ ሙከራ መረጃውን ይፍቀዋል። እንዲህ ያለውን ዲስክ በቤት ውስጥ መክፈትም ሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ጉዳቱን ያብሳል።

መቅዳት

ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ዊንዶውስ ብቻ ካልተነሣ፣ ኮምፒዩተሩን ከሌላ ቦታ ማስነሣት ይቻላል። በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ኡቡንቱን የመሰለ ነፃ የሊኑክስ ሥርዓት 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሚይዝ ፍላሽ ላይ ይዘጋጃል። ለዚህ የሚውለው ፍላሽ ባዶ መሆን አለበት፤ በዝግጅቱ ጊዜ የነበረበት ሁሉ ይጠፋልና። ላፕቶፑ ከፍላሹ ሲነሣ ሊኑክስ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፦ ሳይጭኑ መሞከር ወይም መጫን። እኛ የምንፈልገው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከዚያም የውስጡን ዲስክ ከፍቶ ዩዘርስ ከተባለው ፎልደር ውስጥ የራስን ስም ማግኘትና ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስን፣ ዳውንሎድስን ወደ ውጫዊ ዲስክ መቅዳት ነው። ሊኑክስ የዊንዶውሱን ክፍል ለንባብ ብቻ ከከፈተው አትደናገጡ፤ ዊንዶውስ በአግባቡ ሳይዘጋ ሲቀር ይህ የተለመደ ነው፤ እኛም የምንሻው ማንበብን ብቻ ነው።

ላፕቶፑ ጭራሽ ካልበራ ዲስኩን አውጥቶ በማገናኛ አማካይነት ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ማያያዝ ይቻላል። እዚህ ላይ የዲስኩን ዓይነት መለየት ግድ ነው። የ2.5 ኢንች ሳታ ዲስክ፣ ኤም 2 ሳታ እና ኤም 2 ኤንቪኤምኢ የየራሳቸውን ማገናኛ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱ የኋለኞች በመልክ ቢቀራረቡም ሁሉም ማገናኛ ሁለቱንም አይቀበልም።

ዲስኩ እየደከመ፣ አንዳንድ ቦታው እየተነበበ ሌላው እምቢ እያለ ከሆነ ፋይሎችን አንድ በአንድ መጎተት ያደክመዋል። ለዚህ ዲዲሬስኪው የተባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም ደኅናውን ክፍል ቀድሞ ይቀዳል፤ እምቢ ያለውን እየዘለለ በመዝገብ ይይዝና በመጨረሻ ይመለስበታል። ከዚያ በኋላ ቴስትዲስክ ወይም ፎቶሬክ በተባሉት ፕሮግራሞች የምንመረምረው ቅጂውን ነው፤ ዋናው ያርፋል። ቼክዲስክ የተባለው የዊንዶውስ ማስተካከያም በዲስኩ ላይ ስለሚጽፍ ከቅጂው በፊት መታዘዝ የለበትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ላይለቀም ይችላል።

ሥርዓቱ የሚገለበጥበት ጊዜ

እስካሁን የተናገርሁትን ሁለት ነገሮች ይገድቡታል። የመጀመሪያው ምስጠራ ነው። በአዳዲስ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ላይ ቢትሎከር የተባለው ምስጠራ ባለቤቱ ሳያስተውለው በሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ወጥቶ ከሌላ ማሽን ጋር ሲገናኝ ባለ 48 አሃዝ የመመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። ይህ ቁልፍ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ክፍሉን የሚያስተዳድረውን ባለሙያ መጠየቅ ይገባል። ቁልፉ ከሌለ ዲስኩ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጽሑፉ አይነበብም። የማስነሻ ቅንብርን መለወጥ ራሱ ቁልፉን ሊያስጠይቅ ስለሚችል፣ ማንኛውንም ነገር ከመነካካት በፊት ቁልፉን ፈልጎ በወረቀት መጻፍ ብልኅነት ነው።

ሁለተኛው የዲስኩ አሠራር ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ነገር ግን ትሪም በተባለው ትእዛዝ አማካይነት የተሰረዙ ፋይሎችን ቦታ ራሱ ያጸዳል። ስለዚህ ስለተሰረዘ ፋይል የተናገርሁት ተስፋ በኤስኤስዲ ላይ እጅግ ይጠባል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ ማኅደሩ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዷል። ቲ2 የተባለው ቺፕ ያለባቸውና ከእነርሱ በኋላ በአፕል ቺፕ የተሠሩት ማክቡኮች ምስጠራቸው ከቺፑ ጋር የተሳሰረ ነው። ቦርዱ ሲለወጥ ማሽኑ ይነሣል፣ ፋይሉ ግን ከአሮጌው ቦርድ ጋር ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ ፋይሉን ለማዳን ያለው መንገድ ያንኑ ቦርድ መጠገን ነው፤ ጥገናው ከቅጂው የሚቀድመው እዚህ ላይ ነው።

ከጥገና ባለሙያ ጋር መነጋገር

ብዙዎቻችሁ ላፕቶፑን ይዛችሁ ወደ ጥገና ሱቅ ትሄዳላችሁ። ባለሙያው የሚመዘነው ማሽኑን በማስነሣቱ ነው፤ ፎርማት ማድረግ ደግሞ ለዚያ ፈጣኑ መንገድ ነው። ስለሆነም በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር “እኔ የምፈልገው ፋይሉን ነው፤ ሳልፈቅድ ፎርማት እንዳይደረግ” በሉ፤ በደረሰኙም ላይ ይጻፍላችሁ። የሰው ቃለ መጠይቅና የሕሙማን መረጃ የያዘ ዲስክ በአደራ የተቀበላችሁት ነውና፣ ሲቻል ቅጂው በፊታችሁ ይካሄድ። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይህን ኃላፊነት የሚመለከት በመሆኑ ተመራማሪዎች ቢያነቡት መልካም ነው።

የወጣውንም ፋይል ከፍታችሁ ሳታዩ ሥራው አለቀ አትበሉ። በተለይ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የቀድሞ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶች በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት መስለው ይታያሉ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ እነዚያ ፕሮግራሞች ፊደሉን የሚያሳዩት በላቲን ፊደላት ቦታ ተክተው ነበር። ስለዚህ ሰነዱ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት፤ የጎደለው ፎንቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል

እስካሁን የዘረዘርሁት ሁሉ አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ ላለው ሰው ግን ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ መጉላላት ብቻ ነው። በዘርፉ የታወቀው ደንብ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይባላል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማኅደር፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ኢንተርኔቱ ውድ ወይም ደካማ ለሆነበት ተማሪ በሌላ ቤት የተቀመጠ ውጫዊ ዲስክ ሦስተኛውን ቦታ ይሞላል። የመመረቂያ ጽሑፉ ራሱ፣ ከባድ ሥዕሎች እስካልበዙበት ድረስ፣ በኢሜይል ለራስ ለመላክ የማያስቸግር ትንሽ ፋይል ነው። ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ የሚዞር ፍላሽ ግን ቅጂ አይባልም፤ ቦርሳው ሲሰረቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉና።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጉ። የላፕቶፓችሁ ዲስክ የተመሰጠረ መሆኑን አይታችሁ ቁልፉን ከላፕቶፑ ውጭ አስቀምጡ። ቀጥሎም መተካት የማይቻለውን አንድ ፎልደር ለይታችሁ ሳትተኙ ቅዱት። የሌላው ተራ ነገ ይደርሳል።