ሲሄድ የሚያርፍ፣ ሲመለስ የማያርፍ

ወደ ዋሽንግተን መንገደኛ ያለበት ቤት፣ የጉዞው ዋዜማ ላይ ሚዛን ይወጣል። 23 ኪሎ ብቻ የተፈቀደለት ሻንጣ 25 ሆኖ ይገኛል፤ ለበርበሬው ሲባል ጫማው ይቀራል። ማታ ቦሌ ላይ የአውሮፕላኑም ክብደት እንዲሁ ይሰላል። እሱ ላይ የሚቀነሰው ግን ነዳጅ ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው አጭሩ የአየር መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በግድግዳ ካርታ ላይ ማስመሪያ ያስቀመጠ ሰው መስመሩ በቻድና በማሊ የሚያልፍ ይመስለዋል። ሉል ላይ ክር ቢወጥር ግን ክሩ ወደ ሰሜን ያደላል፤ በሱዳንና በሊቢያ አልፎ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። ድቡልቡሏን ምድር ወረቀት ላይ የዘረጋ ካርታ ርቀትን ማዛባቱ አይቀርም።

ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ ያው ነው። በረራው ግን አንድ አይደለም። ከደለስ ረፋድ ላይ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 13 ሰዓት ገደማ ያለ ማቋረጥ በርሮ በማግስቱ ማለዳ ቦሌ ይደርሳል። ሲሄድ ግን መሃል ላይ ያርፋል፤ በተለያዩ ዓመታት ደብሊንና ሎሜ ማረፊያው ሆነዋል።

ምክንያቱ ከፍታ ነው።

ደለስ ከባሕር ወለል በላይ 95 ሜትር ብቻ ሲሆን ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ፍጥነት ደግሞ ረጅም ማኮብኮቢያ ይጠይቃል። የቦሌው ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፤ ጎማዎቹም ቢሆኑ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ አይችሉም። ስለዚህ መንገደኛውንና ጭነቱን ሙሉ የያዘ አውሮፕላን አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ጨምሮ መነሳት ያዳግተዋል። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፣ ሲመለስ ከኋላ ይገፋዋል።

የማረፊያው ምርጫም የራሱ ሒሳብ አለው። በደብሊን በኩል ሲኬድ መንገዱ የሚረዝመው በ300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሎሜ ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል። ሎሜ በበኩሏ የአየር መንገዱ አጋር የሆነው የአስካይ መናኸሪያ በመሆኗ የምዕራብ አፍሪካን ተሳፋሪ ታሳፍራለች።

እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ያሉ ነዳጅ ቆጣቢ አውሮፕላኖች ረጅሙን ጉዞ አቅልለውታል፤ የቦሌን አየር ግን አያወፍሩትም። ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። እዚያ የሚነሳ አውሮፕላን በዚያው ልክ ተጨማሪ ነዳጅ መያዝ ይችላል።