ሽሮው ውስጥ ምን ገባ?

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምናወጋው ስለ አዋጅና ስለ ፍርድ ቤት ነው። ዛሬ ስለ ሆዴ ብጽፍ ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ስንዴና ገብስ አይስማሙኝም (ሐኪሞች ሴሊያክ ይሉታል)፤ ወተት ይነፋኛል፤ ኦቾሎኒ ደግሞ ከሩቁ የምሸሸው ነገር ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው አገራችን "ቀበጥ" ትለዋለች። እኔም ያንን ስም ፈርቼ መብላት የማይገባኝን ብዙ ነገር በልቻለሁ... እስከ 2011 ዓ.ም. የሁዳዴ ጾም ድረስ።

በዚያ ጾም ፍኖተ ሰላም አክስቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሽሮ በጤፍ እንጀራ ቀረበ። እንደ ልማዴ "እትዬ፣ ሽሮው ኦቾሎኒ አለበት?" ብዬ ጠየቅሁ። "ኧረ ምን ኦቾሎኒ አመጣህ! ብላ ልጄ" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሦስት አራት ጊዜ እንደ ጎረስሁ ከንፈሬ አበጠ፣ ገላዬን ሽፍታ ወረሰው፣ ጉሮሮዬ ጠበበ። በባጃጅ ሐኪም ቤት አድርሰውኝ ታፋዬ ላይ አድሬናሊን ተወጋሁ። ማታ ተረጋግተን ስንቀመጥ አክስቴ ሽሮው ውስጥ የገባውን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ... "እንዲበረክትልኝ ደግሞ ትንሽ ግብጦ።"

ግብጦን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ገበሬ ሌላው ሰብል በሚሰንፍበት መሬት ላይ ሳይቀር የሚዘራው ጥራጥሬ ነው። ሲበዛ መራራ ነው። መራራነቱ የሚመጣው አልካሎይድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስለሆነ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ለቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በኋላ ቁርስ ይሆናል፣ ሽሮ ውስጥ ይገባል፣ አረቄም ይወጣበታል። ችግሩ ውኃው መራራውን እንጂ አለርጂ የሚያስነሳውን ፕሮቲን ጠርጎ አይወስደውም። ግብጦና ኦቾሎኒ ደግሞ የአንድ ወገን ዕፅዋት ናቸው፤ ኦቾሎኒ ከማይስማማቸው ሰዎች ከፊሎቹን ግብጦም ይይዛቸዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኦቾሎኒ የማይስማማት አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ የግብጦ ዱቄት የገባበት ፓስታ በልታ እንደኔው ማበጧ በሕክምና መጽሔት ተጽፏል። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ. ግብጦን በምግብ ማሸጊያ ላይ በግልጽ መጻፍ ካለባቸው አለርጂ አምጪዎች ተርታ አስገብቶታል። እኛ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ያወጣነው እኔ በተወጋሁበት ዓመት ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ ወፍጮ ቤት ገብቶ ቋት አያይም፤ የአክስቴ የሽሮ ዕቃም ላይ መግለጫ አይለጠፍበትም።

እዚህ ላይ ሙያዬ አሳፈረኝ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በዋና ጥያቄ ወቅት መሪ ጥያቄ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ለምን ቢባል፣ መሪ ጥያቄ መልሱን በሆዱ ይዞ ስለሚመጣ ነው። "ኦቾሎኒ አለበት?" ብዬ ብጠይቅ "የለበትም" ተባልሁ፤ ምስክሯ አልዋሹም፣ ጠያቂው ነው ያጠፋው። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው "ምን ምን ገባበት?" ብዬ ነው። ሽሮ፣ ቆሎ፣ ጠላ፣ እንጀራ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ስማቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው እንደ ባለቤቱ የሚለያይ ምግቦች ናቸውና።

እንጀራን እንይ። ጤፍ ግሉተን የለውም። ለዚህም ነው ባሕር ማዶ የተፈለገው፤ በጤፍ ዱቄት ላይ የተሰጠውን የሆላንድ ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ውድቅ ያደረገበትን ክርክር ታስታውሱ ይሆናል። ነገር ግን ጤፍ ሲወደድ እንጀራው በቆሎ፣ ሩዝ፣ ማሽላ፣ ገብስ፣ አንዳንዴም ስንዴ ይገባበታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ለኔ ብጤው አይጎዱም፤ ሁለቱ ግን ይጎዳሉ። (ሰርገኛ የሚባለው ነጭና ቀይ ጤፍ የተደባለቀበት ስለሆነ በስሙ አትደንግጡ።) ንጹሕ ጤፍ ገዝቶ ለቅሞ ወፍጮ ቤት መውሰድም ብቻውን አይበቃም። ከፊቴ የነበረው ሰው ስንዴ ካስፈጨ፣ ወፍጮው ከሆዱ የቀረውን ከእኔ ጤፍ ጋር ያወጣዋል። ስለዚህ ጤፍ ካስፈጨ ሰው ቀጥሎ መሰለፍ ነው፤ ካልሆነም መጀመሪያ የወጣውን ዱቄት ለሌላው ቤተሰብ መተው።

ቤት ከደረሰ በኋላ ደግሞ እርሾው አለ። ከጎረቤት የተበደርነው እርሾ የገብስ ቅይጥ ሊጥ ላይ የተጠለለ ከሆነ ድካማችን ሁሉ ገደል ገባ። ምጣዱስ ትናንት የስንዴ ዳቦ ተጋግሮበት እንደሆነ? ማሰሻውስ? የጎመን ዘር የሰናፍጭ ዘመድ ስለሆነ ሰናፍጭ የማይስማማው ሰው እሱንም መጠየቅ አለበት። ጠላ ብቅሉ ገብስ ከሆነ ዳጉሳው አያድነውም። ቆሎማ ገብሱም፣ ሽምብራውም፣ ኦቾሎኒውም በአንድ እፍኝ የሚገናኙበት ስለሆነ ጨርሶ ትቼዋለሁ።

መንገድ ላይ ስሆን መላዬ ልጣጩ ወይም ቅርፊቱ ያልተነካ ነገር መፈለግ ነው። ቡሬ የወለጋና የባሕር ዳር መንገድ የሚለያይባት ከተማ ስለሆነች ምግብ ቤት አላጣሁም፤ ግን ወጥ ቤት ገብቼ ድስት ከመመርመር የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በወቅቱም የበቆሎ እሸት ይቀለኛል። ጾም ካልሆነ የተቀቀለ እንቁላል። የሚያምር አይደለም፤ ሌሊቱን ግን በሰላም እተኛለሁ።

ሐኪም ስላልሆንሁ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ሆድ የነፋው ሁሉ ምግብ አልተስማማውም ማለት አይደለም፤ ጃርዲያና አሜባ በሞሉበት አገር ሰገራ ማስመርመር ይቀድማል። ሴሊያክ የሚጠረጥር ሰውም ከደም ምርመራው በፊት ስንዴ ማቆም የለበትም፤ ካቆመ ምርመራው ሊያሳስተው ይችላል። ወተት ነገሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ ላክቶሱ ብቻ የሚያስቸግረው ሰው እርጎና ንጥር ቅቤ ሊችል ይችላል፣ የወተት አለርጂ ያለበት ግን ሁለቱንም መንካት የለበትም። ጉሮሮ ከጠበበ ደግሞ ውኃ ጠጣ፣ ነጭ ሽንኩርት ብላ የሚባልበት ጊዜ የለም፤ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ጉርሻ ነው። ፊት ለፊት የተዘረጋን የእናት እጅ "አይ" ማለት እኛ ዘንድ ዱላ ከመሰንዘር አይተናነስም። አሁን ገና ከመቀመጤ "ሐኪም ከልክሎኛል" እላለሁ፤ "አይስማማኝም" ስል ይከራከሩኝ የነበሩ ሁሉ የሐኪም ስም ሲነሳ ዝም ይላሉ።

አክስቴ ከዚያ ወዲህ ሁለት የእርሾ ዕቃ አላቸው፤ የኔኛው አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። በቅርቡ ስደውል ሽሮ እያዘጋጁልኝ እንደሆነ ነገሩኝ፤ ሳልጠይቃቸው የገባውን ሁሉ ቆጠሩልኝ። "ግብጦውን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ ልጄ" አሉ በመጨረሻ። "ወፍጮው ግን ያው የሁላችን ወፍጮ ነው።"