ስካርሌትና ሌሎቹ፦ ልብ ወለድ ፊልም ሲሆን ገጸ ባሕርያት ምን ይሆናሉ?

ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲዞር ገጸ ባሕርያት ለምን እንደሚለወጡ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ የሰዓት ማጠር ነው። እኔ ይህ ምክንያት ግማሹን ብቻ ያስረዳል ባይ ነኝ። ሌላው ግማሽ ተመልካች ማንን ይወድዳል፣ በምንስ ይቀየማል የሚለው የፊልም ሠሪዎች ስሌት ነው።

ሜሪ ሼሊ በ1818 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተመችው «ፍራንከንስታይን» ውስጥ ያለው ፍጡር አንደበተ ርቱዕ ነው። ተደብቆ ሰዎችን እያዳመጠ ቋንቋ ይማራል፤ ሚልተንን ያነባል፤ ፈጣሪውን ይሞግታል። ክፉ የሚሆነውም ያየው ሁሉ ስለሚሸሸውና ስለሚደበድበው ነው። በ1931 የወጣው የጄምስ ዌል ፊልም ግን አንደበቱን ነሣው። ቦሪስ ካርሎፍ ከማጉረምረም አያልፍም። ይባስ ብሎ የወንጀለኛ አንጎል ተገጠመለት። ጥፋቱ የሰዎች መሆኑ ቀርቶ አብሮት የተፈጠረ ሆነ ማለት ነው።

አንዳንዴ የሚጠፋው ተራኪው ራሱ ነው። በኬን ኬሲ «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ከኩስ ኔስት» (1962) ታሪኩን የሚነግረን ደንቆሮና ዲዳ መስሎ የኖረው ታካሚ፣ ቺፍ ብሮምደን ነው። የ1975ቱ ፊልም ሌላውን ታካሚ ማክመርፊን ማዕከል ሲያደርግ ብሮምደን ከዳር ቆመ፤ ኬሲም በዚህ ተቆጣ። ስቲቨን ኪንግም በስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» (1980) አልተደሰተም። የእሱ ጃክ ቶራንስ ከመጠጥ ጋር የሚታገል፣ ቀስ በቀስ የሚሰበር አባት ነበር፤ ጃክ ኒኮልሰን ግን ገና ሲታይ ያበደ ይመስላል። ኪንግ እውነት አለው፤ ፊልሙ ድንቅ መሆኑም እውነት ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሆነችው ስካርሌት ኦሃራ ናት፤ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ከተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» እናውቃታለን። ማርጋሬት ሚቸል በ1936 ባሳተመችው መጽሐፍ ስካርሌት ቆንጆ አለመሆኗን ገና ከመነሻው ትነግረናለች፤ የ1939ኙ ፊልም ቪቪየን ሊን አመጣ። በመጽሐፉ ከሦስት ባሎቿ ሦስት ልጆች አሏት፤ በፊልሙ ቦኒ ብቻ ቀረች። ሁለቱ ሲቀነሱ ልጆቿን ችላ የምትለው እናትም አብራ ተቀነሰች።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የወንዶቹ መታጠብ ነው። በመጽሐፉ ሁለተኛ ባሏ ፍራንክ ኬኔዲና የምታፈቅረው አሽሊ የኩ ክለክስ ክላን አባላት ናቸው፤ ሦስተኛ ባሏ ሬት በትለርም አንድ ጥቁር ሰው ገድሏል። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ ግድያውንም የክላኑንም ስም አወጣ፤ ሌሊት ሊበቀል የሚወጣው ቡድን ወደ «ፖለቲካ ስብሰባ» የሚሄድ ተባለ። የጥቁሮች መብት ተሟጋቾች ክላኑ በጀግንነት እንዳይታይ መወትወታቸው ትክክል ነበር፤ ውጤቱ ግን ነጮቹን ጀግኖች ከደም አነጻቸው።

በእኔ ግምት ወደ ፊልም በመዞሯ የተጠቀመችው ማሚ ናት። በመጽሐፉ ከጌቶቿ ዓይን የምትታየውን ሞግዚት ሃቲ ማክዳንኤል ክብር ሰጠቻት፤ በ1940 ኦስካር የተቀበለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይትም ሆነች። በሽልማቱ ምሽት ያስቀመጧት ግን ከባልደረቦቿ ተነጥላ በሌላ ጠረጴዛ ነበር።