የወይን ተክልና የቤተ ሰብ ስምምነት

ወይና ደጋ የሚለው ስም ወይን የሚበቅልበት ደጋ ተብሎ ይተረጐማል። ዓለም ከተማም በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ባለው በመርሐ ቤቴ ምድር የምትገኝ የወይና ደጋ ከተማ ናት። ጤፍ የሚዘራ ሰው ስለ አንድ ክረምት ያስባል። ወይን ግን በተተከለ በሦስተኛው ዓመት ያህል ያፈራል፤ በደኅና ከተያዘም ከተካዩ ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ወይን የሚተክል ሰው አስቀድሞ የልጆቹን ስምምነት ማሰብ ይገባዋል።

ለዚህ ነገር በኢጣልያ አገር የሚኖረው የአንቲኖሪ ቤተ ሰብ ታሪክ መልካም ምሳሌ ነው። ጆቫኒ ዲ ፒዬሮ አንቲኖሪ የተባለው ሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1385 ዓመት በፍሎሬንስ ከተማ ወደ ወይን ጠጅ ነጋዴዎች ማኅበር ገባ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ 26 ትውልድ ቈጥሯል። ሆኖም ፈተና አላጣውም። በ1980ዎቹ ዓመታት ከቤተ ሰቡ ድርሻ ከፊሉ ዊትብሬድ ለተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ተላልፎ ነበር፤ ማርኬዝ ፒዬሮ አንቲኖሪም በ1991 ዓመት መልሶ ገዛው። እርሱ ወንድ ልጅ አልነበረውምና ሥራውን ለሦስት ሴቶች ልጆቹ ለአልቢዬራ፣ ለአሌግራና ለአሌሲያ አስረከበ። እነርሱም ሀብቱን በሦስት ሳይቈርሱ በኅብረት ያዙት።

በእኛ ዘንድ የሴት ልጅ መውረስ እንግዳ ነገር አይደለም። በሸዋ የቀድሞው የርስት ሥርዐት ከአባትም ከእናትም ወገን ይቈጠር ነበርና ሴቱም ወንዱም ይካፈል ነበር። ፍርዱ መልካም ሳለ፣ መሬቱ በየትውልዱ እየተቈረሰ ሲሄድ ማሳው ያንሳል፤ ወንድምም ከእኅቱ ጋራ ይሟገታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የርስቱም ሥርዐት ቀረ። ከዚያ በኋላ ለገበሬው የቀረለት በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 456 ይህን መብት ለቤተ ሰቡ አባል እንዲያወርስ ፈቀደለት። በአማራ ክልልም የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በአንድ የይዞታ ደብተር ላይ እንዲሠፍር ተደረገ።

እንግዲህ ዛፍ ወይም ወይን ለመትከል የሚያስቡ ባልና ሚስት አስቀድመው የሁለቱም ስም በደብተሩ መጻፉን ይመልከቱ። መዝጋቢውም ሹም የሚስትን ስም ቸል እንዳይል ይጠንቀቅ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ተክሉን ለልጆቿ ለማቈየት የምትችለው በዚህ ጽሑፍ ነውና። ደግሞም ወላጆች በሕይወታቸው ሳሉ ልጆቻቸውን ሰብስበው ማን ተክሉን እንደሚጠብቅ፣ ፍሬውም እንዴት እንደሚከፈል በሽማግሌ ፊት ይወስኑ። ፍሬውን በየዓመቱ መካፈል ይቻላል፤ ግንዱን የተካፈሉት እንደ ሆነ ግን ለማንም አይተርፍም።